ከትእዛዝ በፊት አንድ የገበያ ቀን

ከጎንደር ተነሥቶ ወደ ሰሜን መቶ ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ ዕቃ፣ ዳባትን አልፎ ደባርቅ ሲደርስ፣ ለላከው ነጋዴ መንገዱ ያለቀ ይመስለዋል። ነገር ግን ከ2800 ሜትር በላይ ከፍታ ካላት ከዚህች ከተማ ዕቃው ሁለተኛውን ጉዞ ይጀምራል። ገሚሱ ወደ ጃናሞራና ወደ በየዳ ይወጣል፤ ገሚሱም በሊማሊሞ ቁልቁለት ወደ አዲአርቃይና ወደ ጠለምት ይወርዳል። መኪና እስከሚደርስበት በመኪና፣ ከዚያ ወዲያ በአህያና በበቅሎ ጀርባ፣ በመጨረሻም በሰው ትከሻ ነው። ጭነት በእንስሳ ጀርባ ላይ የሚጸናው ግራና ቀኙ እኩል ሲሆን ብቻ ስለ ሆነ፣ አንድ ወጥ ሆኖ የታሸገ ከባድ ሣጥን ወይ ይፈታል፣ ወይ አይጫንም። ሲፈታም ከውስጡ ያለው መከላከያ ይጣላል፤ የአጠቃቀሙ ወረቀት ለሌላ መጠቅለያ ይውላል፤ ዕቃውም በጆንያ ተጠቅልሎ በገመድ ይታሰራል። በሩቅ አገር ያለው ፋብሪካ ስለ ማሸጊያው የደከመው ድካም ሁሉ ደባርቅ ላይ ያበቃል ማለት ነው።

ይህ ጥቃቅን ነገር ቢመስልም የሚነካው የአስመጪውን መነሻ ገንዘብ ነው። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ካደረገ ወዲህ፣ ቀድሞ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከመቶ ብር አልፏል። የማይሸጥ ዕቃ አዝዞ የተሳሳተ ሰው፣ ለዚያው ስሕተት ቀድሞ ከሚከፍለው ከእጥፍ በላይ ይከፍላል። እ.ኤ.አ. በ2021 ጦርነቱ እስከ ዳባትና እስከ ደባርቅ ገጠሮች በደረሰ ጊዜ ሱቁን ዘግቶ የተሰደደ ቸርቻሪም፣ በመደርደሪያ ላይ አቧራ የሚጠጣ ዕቃ ለመሸከም አቅም ይኖረዋል ተብሎ አይታሰብም።

ዕቃ ሠሪዎች ዘንድ ተጠቃሚውን መሠረት ያደረገ ንድፍ የሚባል የሥራ ስልት ከታወቀ ብዙ ዓመታት አልፈዋል። ፍሬ ነገሩ ቀላል ነው፤ ይኸውም ዕቃው ተሠርቶ ከማለቁ በፊት በሚገለገልበት ሰው እጅ ይሞከር፣ የተሳሳተው ይታረም፣ እንደ ገናም ይሞከር ማለት ነው። ለነጋዴ ይህን ሲነግሩት የሚሰጠው መልስ አስቀድሞ የታወቀ ነው፤ «ጊዜ የለም» ይላል። የባንኩ ፈቃድ ቀን አለው፤ መርከቡ ቀን አለው፤ ክረምቱም መንገዱን ሳያበላሸው ዕቃው መድረስ አለበት። መልሱ እውነት ነው። ስሕተቱ የሚመጣው ሙከራ ሲባል የብዙ ወር ጥናትና በመቶ የሚቈጠር መጠይቅ ነው ብሎ ከማሰብ ነው።

የዴንማርክ ተወላጅ የሆነው ያኮብ ኒልሰን እ.ኤ.አ. ከ1989 ጀምሮ በአነስተኛ ወጪና በአጭር ጊዜ ስለሚደረግ ሙከራ ሲያስተምር ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ1993 ከቶማስ ላንዳወር ጋር ባወጣው ጥናት እንደ ታየው፣ አንድ ሞካሪ ብቻውን በአማካይ ከዕቃው ጉድለቶች 31 በመቶ ያህሉን ይገልጣል። ሁለተኛው ሰው የፊተኛውን አብዛኛውን ደግሞ ጥቂት አዲስ ነገር ይጨምራል፤ ሦስተኛው ከዚያ ያነሰ ይጨምራል። በዚህ ስሌት አምስት ሰዎች ከጉድለቶቹ 85 በመቶ ያህሉን ያሳያሉ፤ ከዚያ በላይ መድከም የታወቀውን መድገም ነው። ስሌቱ የተገኘው ከኮምፒዩተር ፕሮግራሞች ስለ ሆነ፣ የእጅ ባትሪና የውኃ ጀሪካን ቍጥሩን እንዳለ ይቀበሉታል ማለት አይቻልም። አካሄዱ ግን ለማንም ዕቃ የሚሠራ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሰዎች ብዙውን ይናገራሉ። ኒልሰን ራሱ እንዳስጠነቀቀው ተጠቃሚዎቹ ጠባያቸው የተለያየ ሲሆን ከየወገኑ ለየብቻ መሞከር ያስፈልጋል። ደባርቅ ለዚህ የተመቸች ገበያ ናት። የበየዳው ደገኛና ከሊማሊሞ በታች ያለው ቆለኛ በአንድ ከተማ ይገናኛሉ፤ አንዱ በብርድ የደነዘዘ ጣቱን፣ ሌላው በሙቀት የላበ እጁን ይዞ ይመጣል።

የገበያው ቀን ሥራ እንዴት ነው? ያልተከፈተ ናሙና ከባለ ሱቁ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል። ከገበያተኛው መካከል አንድ ሰው ተጠርቶ፣ «እስቲ ይክፈቱትና ያብሩት፣ አባቴ» ይባላል። ከዚያ በኋላ ዝም ማለት ነው። ለነጋዴ ከዚህ የሚከብድ ሥራ የለም፤ እንጀራው በምላሱ ነውና፤ ሰውዬው ቍልፉን ሲያጣው «በዚህ በኩል ነው» ለማለት ከንፈሩ ይንቀጠቀጣል። ይህን አንድ ቃል ከተናገረ ግን ሙከራው በዚያው አበቃ፤ በጃናሞራ መንደር ዕቃው ሲከፈት እርሱ በአጠገቡ አይገኝምና። ዝም ብሎ የሰውዬው እጅ አስቀድሞ የት እንደ ሄደ፣ ምን ላይ እንደ ቆመ፣ ስንት ጊዜ አገላብጦ እንዳየ በደብተር ይጻፍ። ለአንድ ሰው ግማሽ ሰዓት ይበቃዋል፤ አምስቱም ከረፋድ እስከ ቀትር ያልቃሉ።

በተለምዶ ሶላር የሚባለውን የፀሐይ መብራት ለምሳሌ መውሰድ ይቻላል። አስመጪው በቢሮው ሆኖ የሚያወዳድረው የብርሃኑን ብዛትና ዋጋውን ነው። ገዥው በእጁ ሲይዘው ግን ሌላ ጥያቄ ይነሣል። ሰሌዳው ጣራ ላይ ሲወጣ ሽቦው እስከ ምድጃው አጠገብ ይደርሳል ወይ? ሽቦው አጭር ከሆነ ሰሌዳው በመስኮት ሥር ጥላ ውስጥ ይቀመጣል፤ መብራቱም በምሽት ሳይቆይ ይጠፋል፤ ገዥውም «ውሸት ነው» ብሎ ለጎረቤቱ ይናገራል። ሁለት ሜትር ሽቦ መጨመር ለፋብሪካው ቀላል ነገር ነው፤ የሚቻለው ግን ትእዛዙ ከመፈረሙ በፊት ብቻ ነው።

መመልከት ይገባል የተባለበት፣ መጠየቅ ብቻ የማይበቃበት ምክንያት በዚህ አገር ከሌላው ይልቅ የበረታ ነው። የሰሜን ሰው ጨዋ ነው። አንድ ሰው ከሩቅ መጥቶ ናሙና አውጥቶ «ወደዱት?» ቢለው፣ «ደግ ነው፣ እግዜር ይስጥልኝ» ይላል እንጂ በሰው ፊት ሸቀጥ አያዋርድም። ይሉኝታ ያለበት መልስ በሒሳብ መዝገብ ላይ ቢጻፍ ዕዳ ነው። በዚህ መልስ ተማምኖ ሙሉ ኮንቴይነር ያዘዘ ነጋዴ «ሁሉም ወዶት ነበር» ሲል ይሰማል፤ ሰዎቹ የወደዱት ግን እንግድነቱን ነው። መጠየቅ ግድ ከሆነ ስለ ወደ ፊቱ ሳይሆን ስላለፈው ይጠየቅ። «አምና የገዙት መብራት ዛሬ የት ነው?» የተባለ ሰው የሚያሳፍረው ነገር ስለሌለ እውነቱን ይናገራል፤ ከቆጡ ላይ ተሰቅሎ የቀረውን መብራት ምን እንዳበላሸውም ጨምሮ ያስረዳል። አንዳንዱ የተበላሸውን ይዞት ይመጣል፤ ለአስመጪው ከዚህ የተሻለ ጥናት በገንዘብ አይገኝም።

ሌላው የተለመደ ስሕተት ገዥውንና ተገልጋዩን አንድ አድርጎ መቍጠር ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ የኢትዮጵያ ኢነርጂ ጥናትና ምርምር ማዕከል ያወጣው ምርጥ የተባለው የእንጀራ ምድጃ ለዚህ ጥሩ ትምህርት ይሰጣል። ከሲሚንቶና ከአሸዋ በክፍል በክፍሉ ተቀርጾ የሚገጣጠም ሲሆን፣ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲወዳደር የማገዶውን እስከ ግማሽ ያህል ያድናል። ከብሔራዊ ፓርኩ አጠገብ ለሚኖርና እንጨት ከዓመት ወደ ዓመት ለሚርቅበት ሕዝብ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ይሁን እንጂ ገበያ ወጥቶ ዋጋ የሚጠይቀው ብዙ ጊዜ ባልየው ነው፤ ጭሱን የምትውጠው፣ ምጣዱን የምታሰማው ሚስቲቱ ናት። ምጣድን የሚሠሩት በየአካባቢው ያሉ ሸክላ ሠሪዎች ስለ ሆኑ ስፋቱ ከቤት ቤት ይለያያል፤ ምድጃው ከምጣዱ ከጠበበ ወይም ከሰፋ፣ ያድናል የተባለው ማገዶ ሁሉ በክፍተቱ ይወጣል። በደባርቅ ወይም በዳባት ዙሪያ የሚሸጥ ምድጃ ለማሠራት ያሰበ ሰው፣ መሐንዲስ ከመቅጠሩ በፊት አንድ ሲባጎ ይዞ ወደ አምስት ማድ ቤት ይግባ፤ የየምጣዱን ስፋት ለክቶ ይቋጥር። ባለቤቲቱ ስትጋግርም ከምን ላይ እንደምትቀመጥ፣ እርጥብ እንጨት በክረምት እንዴት እንደምታስገባ አይቶ ይመለስ። ሥራው ከአንድ ቀን አያልፍም፤ ወንድ ብቻውን ማድ ቤት ለመግባት የማይመቸው ስለ ሆነ ከሱቁ ሠራተኞች አንዲት ሴት ብትሄድለት ይሻላል።

በዕቃው ላይ ስለሚጻፈው ጽሑፍ ደግሞ ከሩቅ የመጣ አንድ ምሳሌ አለ። እ.ኤ.አ. በ1984 ኢትዮጵያ ባልተካፈለችበት የሎስ አንጀለስ ኦሊምፒክ፣ አይ.ቢ.ኤም. የተባለው ኩባንያ ስፖርተኞች ከዘመዶቻቸው የድምፅ መልእክት በስልክ የሚቀበሉበትን መሣሪያ አዘጋጅቶ ነበር። ጆን ጉልድና ባልደረቦቹ የአጠቃቀሙን መመሪያ የጻፉት መሣሪያው ከመሠራቱ በፊት ነበር። ያልተሠራውን መሣሪያ መመሪያ ለሰዎች እያስነበቡ፣ ያልገባቸውን እያረሙ፣ መሣሪያውን በታረመው መመሪያ መሠረት ሠሩት። ሞዴሉንም ሰው በሚተላለፍበት ኮሪደር አቁመው አላፊ አግዳሚው እንዲነካካው አደረጉ። ዓለም የሚያየውና ቀኑ የማይራዘም ሥራ የነበራቸው ሰዎች፣ ጊዜ ስላጠራቸው ነው እንዲህ ያለውን አቋራጭ የመረጡት።

ባለ ሱቁም ይህንኑ በአንድ ገጽ ወረቀት ሊያደርገው ይችላል። በአማርኛ የሚለጠፈውን ጽሑፍ ከማሳተሙ በፊት በእጅ ጽፎ ለአንድ የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ይስጠው፤ ልጁ ለአባቱ ጮኾ ያንብብለት፤ አባትየውም የሰማውን በሥራ ያሳይ። በዚህ ጊዜ ተርጓሚው ያልጠረጠረው ነገር ይወጣል። «8 ሰዓት ፀሐይ ላይ ይቀመጥ» ተብሎ ቢጻፍ፣ ጸሐፊው ስምንት ሰዓት ሙሉ ማለቱ ነው፤ አንባቢው ግን ከቀትር በኋላ በስምንት ሰዓት አውጡት የተባለ ይመስለዋል፤ መብራቱም በቀን የሚያገኘው ፀሐይ የጥቂት ሰዓት ብቻ ይሆናል። «ከጧት እስከ ማታ» ቢባል ጥርጣሬ የለበትም። ማንበብ የማይችለውም ገዥ መዘንጋት የለበትም፤ እ.ኤ.አ. በ2014 የተከፈተው 8028 የተባለው የገበሬዎች የስልክ መስመር ምክሩን በተቀዳ ድምፅ እንዲያሰማ የተደረገው ያለ ምክንያት አይደለም።

የተገልጋዩን ዐይን መናቅ ምን እንደሚያስከፍል የሊማሊሞ መንገድ ከጥንት ጀምሮ ያውቃል። እስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ከምጽዋ ተነሥቶ እ.ኤ.አ. በ1770 ወደ ጎንደር ሲያልፍ በዚህ አቀበት ላይ የቀረጥ ኬላ ነበረ። በሚከተለው መቶ ዓመት በዚሁ መንገድ የተመላለሰው ነጋዴ የሚቀበለው ገንዘብ ማርትሬዛ ወይም ጠገራ ብር ነበር። ተቀባዩ ብሩን የሚመረምረው በሚዛን ብቻ አልነበረም፤ በንግሥቲቱ ዘውድ ላይ ያሉትን ፈርጦች ይቈጥራል፣ በትከሻዋ ያለውን ጌጥ ያያል፣ 1780 የሚለውን ዓመት ይፈልጋል፤ አንዱ ከጎደለ ይመልሰዋል። ዳግማዊ ምኒልክ እ.ኤ.አ. ከ1890ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በፓሪስ ያስመቱት ብር በክብደቱ ከጠገራው የሚያንስ አልነበረም፤ ሆኖም በብዙ ገበያ ጠገራውን ሊያስለቅቅ አልቻለም። ጣሊያኖችም እ.ኤ.አ. በ1918 ለኤርትራ ብለው ጠገራውን የሚመስል ብር አስመቱ፤ የሴት መልክ አለበት፣ ክብደቱም ልክ ነው፣ ግን ማርትሬዛ አይደለም፤ ገበያተኛው አልቀበልም አለ። ያን ብር የሠሩት ሰዎች ስለ ብረቱ ጥራት ሲጨነቁ የፈርጡን ነገር እንደ ትንሽ ነገር ሳያዩት አይቀሩም። እ.ኤ.አ. ከ1935 ጀምሮ ግን በሮም፣ በፓሪስ፣ በለንደንና በብራስልስ ጠገራ የመቱት ሁሉ አንዲት ፈርጥ ሳይለውጡ፣ ዓመቱንም 1780 ብለው መቱት። በገበያ ቀን ለአምስት ሰዎች አሳይተው ቢሆን ኖሮ የ1918ቱን ወጪ በዳኑ ነበር።

ከዚህ የሚነሣ አንድ ተቃውሞ አለ፤ እርሱም «እኔ ላኪ ነኝ፤ ተገልጋዬ በውጭ አገር ነው» የሚለው የላኪዎች ቃል ነው። ነገሩ ግማሹን ብቻ ይዟል። ባቄላና ምስር የሚልክ ሰው የመጀመሪያው ተገልጋይ ጆንያውን የሚሞላው ገበሬ ነው። ለምሳሌ ነቀዝ እንዳይገባ ተብሎ የሚሸጠው ፒክስ የተባለው ከረጢት በሥራው የተመሰገነ ነው። መነሻው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች በካሜሩን ያደረጉት ጥናት ሲሆን፣ ከውስጥ ሁለት ፕላስቲክ፣ ከውጭ አንድ ጆንያ አለው፤ ነቀዙም አየር አጥቶ ያለ መድኃኒት ይሞታል። ይህ የሚሆነው ግን ሁለቱ ፕላስቲኮች ለየብቻ ተጠምዝዘው ሲታሰሩ ነው። ከውጭ ሲታይ ተራ ጆንያ ስለሚመስል የለመደ እጅ ሦስቱንም ባንድነት ያስራቸዋል። ሰብሳቢው ነጋዴም ናሙና ለማውጣት ከጎኑ ብረት ሲሰካበት፣ አየር የማያስገባው ከረጢት አየር ማስገባት ይጀምራል። በደጋው ብርዱ ራሱ ነቀዙን ስለሚያዘገየው ጉዳቱ ቶሎ አይታይም፤ በአዲአርቃይ ሙቀት ግን ይገለጣል። ከረጢቱን ለገበሬዎቹ የሚያድል ላኪ አምስት ሰዎች ሞልተው ሲያስሩት ከተመለከተ፣ የሚያስፈልገው ትምህርት ምን እንደ ሆነ ያለ ሌላ አማካሪ ያውቀዋል። ሰብሳቢውንም ከአምስቱ አንዱ ያድርገው።

የተመለሰ ዕቃ ስንት እንደ ሆነና ሲመለስ ምን እንደ ተባለ በየቀኑ መጻፍ ለማንም ባለ ሱቅ የሚቻል ነው። ጅምላ ሻጩ በወር አንድ ጊዜ ያን ደብተር ቢጠይቅ ይበቃዋል።

አንድ ነገር ግን ለብቻው ነጋዴ የሚከብድ አለ። የአዲስ አበባ አስመጪ ለእያንዳንዱ ናሙና ሰው ወደ ሰሜን መላክ አይችልም። የንግድ ምክር ቤቶች በዚህ ሊገቡበት ይገባል። በደባርቅና በዳባት በገበያ ቀን አንድ የናሙና ጠረጴዛ ቢቆም፣ አስመጪው ጥቂት ክፍያ ከፍሎ ናሙናውን በመኪና ቢልክ፣ ከሳምንት በኋላ የአምስት ሰዎች ሁኔታ የተጻፈበት ሁለት ገጽ ወረቀት ቢደርሰው፣ ክፍያው አንድ ካርቶን የማይሸጥ ዕቃ ከሚያስወጣው አይበልጥም። በጠረጴዛው የሚቀመጠው ሰው የዕቃው ሻጭ ወይም የሻጩ ዘመድ መሆን የለበትም፤ ጡረታ የወጣ መምህር ወይም ጭነት በመጫን የኖረ ሰው ቢሆን ይመረጣል፤ ዋናው ነገር ዝም ማለት የሚችል መሆኑ ነው። ስለ ዋጋም እንዳይጠየቅ፤ ሰው በነጻ ስለሚነካው ዕቃ የሚናገረው ዋጋ ገንዘቡን ቈጥሮ ከሚከፍለው ጋር አይገጥምም። ናሙናው ከጥቅምት መጨረሻ በፊት ደባርቅ መግባት አለበት፤ ከኅዳር እስከ ጥር ገብሱና ባቄላው ተወቅቶ ገበሬው ገንዘብ ይዞ ወደ ገበያ የሚወጣበት ጊዜ ነውና፣ ጠረጴዛውም በዚያን ጊዜ ባዶ ሆኖ መገኘት የለበትም።